መክሊትህን ስለ ምን ቀበርህ?



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከቁጥር 14 እስከ 30 የተጻፈውን የመክሊት ምሳሌ ያልሰማ ክርስቲያን በመካከላችን አይገኝም። ከመስማት ብዛት የተነሣ ጆሮአችን ለምዶታል፤ ልባችንን ሳይነካም ያልፈናል። ጌታው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት ሰጠ። ሁለቱ ነገዱ፣ አተረፉም፤ ሦስተኛው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ስብከታችን ብዙውን ጊዜ ትጉዎቹን አመስግኖ ሰነፉን ገሥጾ ያበቃል። እኔ ግን ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምሻው ያ ሦስተኛው ሰው ጉድጓዱን ሲቆፍር ስለ ራሱና ስለ ጌታው ምን ያስብ እንደ ነበር ነው።

አስቀድመን አንድ የተሳሳተ ግምት እናርም። አንድ መክሊት ሲባል አንዲት ሳንቲም የሚመስለን ብዙዎች ነን። መክሊት በዚያ ዘመን የክብደት መለኪያ ነበረ፤ አንድ የብር መክሊትም ወደ 6000 ዲናር ይገመታል። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ነበረ ከዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 20 እንረዳለን። ሰንበትንና በዓላትን ቀንሰን ብናሰላው፣ አንድ መክሊት አንድ ሠራተኛ ሃያ ዓመት ያህል ደክሞ የሚያገኘው ሀብት ነው። እንግዲህ ያ ሰው የተሰጠው ጥቂት አልነበረም። ጥቂት መስሎ ከታየው፣ በባልንጀራው እጅ አምስቱን ስላየ ሳይሆን አይቀርም። ጌታው ተመልሶ ሒሳብ ሲጠይቀውም የሰጠው ምክንያት ስንፍና አልነበረም፤ ፈርቼ ነው አለ። ጌታው ካልዘራበት የሚያጭድ ጨካኝ ሰው እንደ ሆነ በልቡ አስቀድሞ ፈርዶ ነበር። ሃያ ዓመት የሚያስቆጥር ሀብት ያመነውን ጌታ ጨካኝ ብሎ ማሰቡ የሚያስገርም ነው፤ ፍርሃት ግን የሰው ዓይን ያየውን እንኳ እንዳያምን ያደርጋል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ልብ ማነስ ባስተማረበት ክፍል (ሱማ ቴዎሎጂካ፣ ሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ንኡስ ክፍል፣ ጥያቄ 133) ይህንኑ አገልጋይ በምሳሌነት ያነሣዋል። ትዕቢተኛ ከአቅሙ በላይ ይንጠራራል፤ ልበ ትንሽ ግን አቅሙ ከሚፈቅድለት በታች ራሱን ያወርዳል፤ ሁለቱም ከልክ ወጥተዋልና ሁለቱም ይበድላሉ ይላል። ከዚህም አልፎ፣ ላሰበው ሰው እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ይጨምራል፦ ሰው ለሚበቃበት ነገር አልበቃም ብሎ በራሱ አስተያየት ሲጸና፣ የልብ ማነሱ ራሱ ከትዕቢት ሊወለድ ይችላል። እኛ «እኔ ምን አውቃለሁ» ማለትን ትሕትና ብለን ስንቀበለው ኖረናል። እግዚአብሔር ትችላለህ ሲል «አይ፣ አልችልም» ብሎ የሚከራከር ሰው ግን ከማን አስተያየት የማንን እንዳስበለጠ ራሱን መመርመር ይገባዋል። ሙሴ አንደበቴ ከባድ ነው ሲል (ዘጸ. 4፥10) እግዚአብሔር አንደበተ ርቱዕ ነህ ብሎ አላባበለውም። አፍን የፈጠረው ማን እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ።

በእኛ ዘንድ የመቃብሩ ጉድጓድ ብዙ ስም አለው። «ጭንቅላቴ አይቀበልም»፤ «ለእኛ ዘር ትምህርት አይሆንም»፤ «ከእንግዲህ አርጅቼ ምን እማራለሁ»፤ «ቁጣው የአባቴ ነው፣ ምን ላድርገው»። በኑዛዜም ወንበር አጠገብ ይህ ቃል ይሰማል። ሰው ኀጢአቱን በእንባ ከተናገረ በኋላ «እንግዲህ እኔ እንዲህ ነኝ፣ አባ» ብሎ ሲዘጋው፣ ይቅርታን ለመነ እንጂ መለወጥን አልጠበቀም። ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው አነጋገር ነው። የሰው ኑሮ፣ ሀብቱና ድኽነቱ፣ ዕውቀቱና ድንቁርናው፣ በተወለደ በአርባ ቀኑ ተቈርጦ አልቋል የሚለው እምነት በከተማም በገጠርም፣ በተማረውም ባልተማረውም አንደበት ይኖራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአባቶቻችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ለጥምቀት ትቀርባለች። በዚያ ቀን ሕፃኑ ከውኃና ከመንፈስ ቅዱስ ተወልዶ የእግዚአብሔር ልጅ ይባላል፤ ቅብዐ ሜሮን ይቀባል። የነጻነታችንን ቀን እንዴት የእስራታችን ቀን አደረግነው? እኔ ይህን ባሰብሁ ቍጥር አዝናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 1730) እግዚአብሔር ሰውን አስተዋይ አድርጎ እንደ ፈጠረውና ሥራውን ራሱ የሚጀምርበትንና የሚመራበትን ክብር እንደ ሰጠው ያስተምራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛም እ.ኤ.አ. በ1967 «ፖፑሎሩም ፕሮግሬስዮ» በተባለው መልእክታቸው (ቍ. 15) የሰው ሕይወት ሁሉ ጥሪ መሆኑን፣ ሰው ሲወለድ የተሰጡት ችሎታዎች እንደ ዘር ሆነው ሊያለማቸው እንደሚገባ አስረድተዋል። ዘር ደግሞ በአርባ ቀን አይፈረድበትም፤ የዘራም ገበሬ ይህን ያውቃል።

አሁን በራሴ ላይ የምመሰክረው ነገር አለ። ክህነት በተቀበልሁ በሦስተኛው ዓመት በአንዲት የገጠር ቁምስና አገለግል ነበር። በዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ ሰው ነበሩ። ጸሎቱን ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ፤ የእሑዱን ንባብ አንድ ጊዜ ከሰሙ ማክሰኞ ዕለት ለሚስታቸው ሳያጓድሉ ይነግሯታል። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን ወደ ዕቃ ቤት ሲመልሱ ገልጠው ሲመለከቱ አገኘኋቸው። ደነገጡና ዘጉት። «አባ፣ እንዲያው ምን ይመስላል ብዬ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የአርባ ቀን ዕድሌ ሆነና» አሉኝ። እኔም ትከሻቸውን መታ መታ አድርጌ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ ጸጋ እንደ ተሰጠው፣ የእርሳቸውም ጸጋ ጥበቃ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። መልካም የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ሰውየው ጉድጓዱን ሲቆፍሩ እኔ አፈሩን መልሼ እደፍን ነበር። የሐዋርያውን የጸጋ ልዩነት ትምህርት ስንፍናዬን መሸፈኛ አደረግሁት፤ ማስተማር ጊዜ ይወስድ ነበርና።

ያንን መቃብር የከፈተችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች፣ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምር አንዲት ልጅ ናት። «አባባ፣ ፊደል መማር ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁት ይህን ነው። ጌታችን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን ድውይ ያገኘው በጥያቄ ነበር፤ ልትድን ትወዳለህን የሚል ትርጉም ያለው ጥያቄ (ዮሐ. 5፥6)። ድውዩም አዎን አላለም። የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ስለ መዳን ሲጠየቅ የማይድንበትን ምክንያት ይቈጥራል፤ ዘበኛውም እንዲሁ አደረጉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሄደው እንደ ነበር፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» መለየት ሲያቅታቸው ወጣቱ አስተማሪ በሰው ፊት አስነሥቶ እንዳቆማቸው፣ ልጆችም እንደ ሳቁ፣ ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ባዩ ቍጥር ሆዳቸው እንደሚባባ ነገሯት። እንግዲህ የአርባ ቀን ዕድል ያሉት የአንድ ከሰዓት በኋላ ዕፍረት ነበር!

ልጅቱ ብልህ ነበረች። ሕፃናቱ ከሄዱ በኋላ፣ ማንም በሌለበት፣ የፊደል ገበታውን ይዛ በዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ትቀመጥ ጀመር። ካወቁት ነገር ተነሣች፤ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት በትልልቁ ጽፋ፣ በቃላቸው እየደገሙ በጣታቸው እንዲከተሉ አደረገች። 231 ፊደል ከማስቈጠሯ በፊት የሚያውቁትን ጸሎት በዓይናቸው እንዲያዩት ማድረጓ ነው። ሲሳሳቱ ትጠብቃለች እንጂ አታርምም ነበር፤ ራሳቸው ተመልሰው ያርሙታል።

በዚያው ዘመን ሌላም የተማርሁት ነገር አለ። ይህን ያየች አንዲት እናት እርሷም ልማር ብላ መጣች፤ ሁለት ወር ቆይታ ግን አንድም ፊደል ሳትይዝ ቀረች። «አላልኋችሁም፣ ድንጋይ ራስ ነኝ» ብላ ልትተወው ስትል፣ ልጅቱ ገበታውን ስትቀርብላት እናቲቱ ወደ ኋላ ራሷን እንደምትስብ አስተዋለች። ለካ ችግሩ የዓይን ነው! ከከተማ የንባብ መነጽር ሲመጣላት በጥቂት ወራት ውስጥ ማንበብ ጀመረች። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ሰውን የሚያስረው ሁልጊዜ አሳቡ ብቻ አይደለም። ረኀብ አለ፤ ሕመም አለ፤ ደብተር መግዣ ማጣት አለ፤ ሴት ልጅ ውኃ ስትቀዳ የሚያልፋት የትምህርት ሰዓት አለ። ቁርስ ላልበላ ሕፃን «አሳብህን ለውጥ» ብሎ መስበክ ጭካኔ ነው። መነጽር የሚያስፈልገውን መነጽር፣ እንጀራ የሚያስፈልገውን እንጀራ፣ ተስፋ የሚያስፈልገውን ተስፋ ለይቶ መስጠት የመምህር ሥራ ነው፤ ለመለየትም ቀርቦ ማየት ግድ ነው።

የቆሞሳት ሁሉ ጠባቂ የተባለውን ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔን እናስታውስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1786 በሊዮን አጠገብ ከገበሬዎች ተወለደ። የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ገና ሕፃን ነበረ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ የመጀመሪያ ቍርባኑንም በስውር ተቀበለ፤ ትምህርት ቤትም የገባው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ሃያ ዓመት ዕድሜው ሲደርስ ለክህነት መማር ሲጀምር የላቲን ሰዋስው አልገባ አለው። ከእርሱ በዕድሜ እጅግ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጦ ከእነርሱ ኋላ ቀረ። በ1806 ወደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሬጂስ መቃብር በእግሩ ተጉዞ ትምህርቱ እንዲገባው ለመነ። በሊዮን ዘርአ ክህነትም ፈተናውን ባለማለፉ ተሰናበተ። ሥራውን የጨረሰ ፍርድ ይመስል ነበር፤ መዝገቡም የሚለው ይህንኑ ነው።

አንድ ሰው ግን ፍርዱን አልተቀበለም፤ የኤኩሊ ቆሞስ አባ ባሌ ናቸው። ሊቃውንቱ ተሳስተዋል ብለው አልተከራከሩም፤ ተማሪያቸው ላቲን አለመቻሉን ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበርና። ወደ ቤታቸው መልሰው እንደገና አስተማሩት፤ በሚገባው በፈረንሳይኛ እንዲፈተንም ለመኑለት። ቪያኔ ነሐሴ 13 ቀን 1815 ቅስና ተቀበለ። በ1818 ወደ አርስ ተላከ፤ አርስ በዚያን ጊዜ 230 ያህል ሰዎች የሚኖሩባት፣ ሃይማኖት የቀዘቀዘባት መንደር ነበረች። በኋላ ከመላ ፈረንሳይ ሕዝብ ሊናዘዝ ወደ እርሱ ይጎርፍ ጀመር፤ አንዳንድ ቀን እስከ 16 ሰዓት በኑዛዜ ወንበር ይውል ነበር። በ1859 ዐረፈ፤ በ1925 ቅድስናው ታወጀ። ላቲኑ ግን ሊቅ የሚያሰኘው ደረጃ ላይ አልደረሰም፤ ይህንንም ደብቀን ማለፍ አይገባንም። የተሰጠው መክሊት ሌላ ነበር፤ የላቲኑ ድካም ወደዚያ መክሊት የሚያደርስ መንገድ ሆነለት። አባ ባሌ ባይኖሩ ኖሮ ያ መክሊት ከመሬት በታች በቀረ ነበር።

ዛሬ በየአዳራሹና በየመጽሐፍ መደብሩ «ሁሉን ትችላለህ፣ በራስህ ብቻ እመን» የሚል ስብከት በዝቷል። ይህ የአርባ ቀኑን ዕድል ተቃራኒ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን የአንድ ዛፍ ሌላው ቅርንጫፍ ነው፤ ሁለቱም እግዚአብሔርን ከነገሩ አውጥተውታልና። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ከሁለቱም የተለየ ነው። በትሬንቶ የተሰበሰቡት አባቶች እ.ኤ.አ. በ1547 ስለ ጽድቅ ባወጡት ድንጋጌ (ምዕራፍ 11) የቅዱስ አውግስጢኖስን ትምህርት ተከትለው፣ እግዚአብሔር የማይቻለውን እንደማያዝዝ፣ ሲያዝዝም የምንችለውን እንድናደርግ፣ የማንችለውንም እንድንለምን እንደሚያሳስበን፣ እንችልም ዘንድ እንደሚረዳን ደንግገዋል። የሚቻለኝን እሠራለሁ፤ የማይቻለኝን እለምናለሁ። ቪያኔ ሰዋስዉን እያጠና በእግሩ ወደ መቃብሩ መጓዙ ይህንኑ በሥራ መግለጡ ነው። ከሁለቱ አንዱን የተወ ሰው ወይ ይታበያል፣ ወይ ተስፋ ይቈርጣል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ የምጨምረው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ በአምስተኛ ክፍል ሕፃናት ላይ ያደረጉት ምርመራ ታትሞ ወጣ። ሕፃናቱ ጥያቄ ከሠሩ በኋላ አንዳንዶቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ሌሎቹ ስለ ትጋታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ ብልህ የተባሉት ተስፋ ቈረጡ፤ ከዚያ በኋላ የቀረበላቸውን ቀላል ጥያቄ እንኳ ከቀድሞው አሳንሰው ሠሩ። ስለ ትጋታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሻሉ። ኋላ በብዙ ሺህ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጥቅም መጠነኛ እንደ ሆነ አሳይተዋልና እንደ ተአምር መድኃኒት አንያዘው። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ለእኛ ይበጃል። በክፍላችን «ይህ ጎበዝ ነው፣ ያ ደደብ ነው» ስንል ሁለቱንም እንጎዳለን፤ ጎበዝ የተባለው መሳሳትን ይፈራል፣ ደደብ የተባለው መሞከርን ይተዋል። ሕፃኑ «አልቻልሁም» ሲል «ገና ነህ» በሉት። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አነጋገር እናቶቻችን ያስተማሩን በዚሁ አሳብ ነው። ለቍርባን ወይም ለሜሮን ስታዘጋጁም በቃሉ መመለስ ያቃተውን ልጅ ከማስቀረታችሁ በፊት ለብቻው አስቀምጣችሁ፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በራሱ አነጋገር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የሚያውቀው ነገር ያስደንቃችኋል።

ወደ ዘበኛው ልመለስ። ሁለት ዐቢይ ጾም አለፈ። በሁለተኛው ዘመነ ትንሣኤ አንድ እሑድ ልጅቱ መጥታ «አባ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ንባብ አባባ ያንብቡ» አለችኝ። ከሐዋርያት ሥራ ነበር። እኔ ሕዝቡ ይሰለቻል ብዬ ፈራሁ፤ ተመልከቱ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልተማርሁም ነበር። ሰውየው ወጡ፤ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አኖሩ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ አንድ ቃል ዘለው ተመልሰው አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከሕዝቡ መካከል የሳቀ አልነበረም፤ ሚስታቸው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስታብስ አየኋት። እስከ ዛሬ ጣታቸውን ሳያስቀድሙ ማንበብ አይሆንላቸውም።

ከቅዳሴው በኋላ ወደ ዘበኛ ቤቱ ሄድሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቃ ቤት ውስጥ የተናገርሁትን አስታወስኋቸው፤ በድያለሁና ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ዝም ብለው ጥቂት ቆዩ። ከዚያም ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀትና እርሳስ አወጡ። «እሱስ ይቅር፣ አባ። ይልቅ የሚመጣው እሑድ ንባብ የትኛው ነው? ዛሬውኑ ልጀምረው።»